ሰፕሊመንት እጅ ማርገብገቡን ያስቆማል ወይ? ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ይሄን የጻፍኩት መመለስ ስለደከመኝ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እንዳለኝ የሚያውቅ ሁሉ፣ ሄርማታ መርካቶ ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ እንኳን፣ ጠጋ ብሎ "ስሚማ፣ ያ ሰፕሊመንት የሚሉት፣ ከውጭ የሚመጣው ቫይታሚን ነገር፣ ልጁ አንድ ነገር ደጋግሞ ማድረጉን ያስተወዋል የሚሉት እውነት ነው?" ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም። የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ፣ ማንበብ እወዳለሁ፣ ሐኪም ሳገኝ ደግሞ ሳልጠይቅ አልለቅም። የማውቀውን እነሆ።

ሁሉም የሚያወራለት ሰፕሊመንት ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚለው ኤንኤሲን ነው። ሙሉ ስሙ ኤን-አሴቲልሲስቴይን ይባላል። አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ ለወሰደ ሰው ጉበቱ እንዳይጎዳ ሆስፒታል የሚሰጠው ማርከሻ ይሄው ነው፤ ወፍራም አክታ ለማቅጠንም ስንት ዘመን ተሠርቶበታል። አሜሪካ ግን ከቫይታሚኖች ጋር ተደርድሮ ያለ ማዘዣ ይሸጣል፤ ሰፕሊመንት የሚለውን ስም ያገኘው እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው።

ለኦቲዝም ለምን ታሰበ ካላችሁ፣ አንጎል ውስጥ ነርቭን የሚያነቃቃ ግሉታሜት የሚባል ኬሚካል አለ፤ በአንዳንድ ኦቲዝም ባለባቸው ሰዎች ዘንድ የሚያነቃቃውና የሚያረጋጋው ሚዛኑን ስቶ ይሆናል የሚል ሐሳብ አለ፤ ኤንኤሲ ደግሞ ይሄን ግሉታሜት ይነካካል። ከዚያ ሌላ ሰውነት ግሉታታዮን የተባለውን ራሱን የሚከላከልበትን ነገር ለመሥራት ይጠቀምበታል። ሐሳቡ ደህና ነው። ግን ሐሳብ ነው፤ ደህና ሐሳብ ስንቱ በፈተና ወድቋል።

ተደጋጋሚ ድርጊት ሲባል የቱ ነው?

የኔ ልጅ ክዳን ያሽከረክራል። የማንቆርቆሪያ፣ የድስት፣ የዘይት ጀሪካን፣ ክዳን የተባለ ሁሉ። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት ጣቱ ያሾረዋል፤ ክዳኑ እየዞረ እየዞረ ሊወድቅ ሲል የሚያሰማውን ያቺን የመጨረሻ ትር-ትር-ትር ለመስማት ጆሮውን ወለሉ ላይ ይለጥፋል። ከዚያ እንደገና። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ደግሞ ክዳኑን ትቶ ጆሮውን ይዞ ይወዛወዛል።

የሌላው ልጅ ቆርኪ መደርደር ይሆናል፣ እጅ ማርገብገብ፣ አንድ ቃል ቀኑን ሙሉ መደጋገም፣ ወይም ባጃጁ በሌላ መንገድ ከሄደ እሪ ማለት። ጭንቅላትን ከግድግዳ ማጋጨትና እጅን መንከስም ከዚሁ ይቆጠራሉ። እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ጠቅልሎ "ይጥፋልኝ" ማለት ልክ አይመስለኝም። ክዳን ማሽከርከር ማንን ገደለ? ለልጄ እረፍቱ ነው። ራሱን የሚያደማ ልጅ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይሂድ፣ ሰፕሊመንት አይጠበቅበትም።

እሺ፣ ኤንኤሲ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

ወሬው የተነሳው በፈረንጆቹ 2012 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከወጣ ጥናት ነው። 33 ልጆች ነበሩ፣ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉ፣ ሁለቱ ብቻ ሴቶች። ግማሹ ኤንኤሲ፣ ግማሹ ማስመሰያ ክኒን (መድኃኒቱን የሚመስል፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለበት) ለ12 ሳምንት ወሰዱ። መጠኑ በቀን ከ900 ሚሊግራም ተነስቶ በየአራት ሳምንቱ እየጨመረ በቀን ሦስት ጊዜ 900 ደረሰ። ዋናው መለኪያ ቁጣና መነጫነጭ ነበር፤ ኤንኤሲ የወሰዱት ነጥብ በአማካይ ከ13.1 ወደ 7.2 ወረደ፣ ከማስመሰያው ቡድን በግልጽ የተሻለ ነው። ተደጋጋሚ ድርጊቱም ቀንሷል ተባለ፤ ልብ በሉ ግን፣ እሱ በጎን የታየ መለኪያ ነው፣ ጥናቱ የቆመለት ዋና ጥያቄ አልነበረም። መጨረሻ ላይ የተለኩት ደግሞ 29 ልጆች ናቸው። አንድ ክፍል ተማሪ እንኳን አይሞላም። አጥኚዎቹ ራሳቸው መነሻ ጥናት ነው፣ በትልቁ ይደገም ብለው ነበር። ወሬው ጅማ ሲደርስ "መነሻ" የሚለው ቃል መንገድ ላይ ወድቋል።

ተደገመ ታዲያ። በፈረንጆቹ 2016 አሜሪካ ውስጥ 31 ልጆች ላይ ተሞከረ፤ ደማቸው ውስጥ ግሉታታዮን ጨመረ፣ ከሰው ጋር ያላቸው መግባባት ግን አልተለወጠም። በ2017 አውስትራሊያ ውስጥ 102 ልጆች ስድስት ወር ሙሉ በቀን 500 ሚሊግራም ወሰዱ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። ኢራን ውስጥ ሪስፐሪዶን ከሚባለው መድኃኒት ጋር ጨምረው በ40 ልጆች ላይ የሞከሩት ደግሞ መነጫነጩ ቀነሰ አሉ፣ የኦቲዝሙ ዋና ምልክቶች ግን ባሉበት ቀሩ።

"የአውስትራሊያው መጠኑ አንሶ ነው" የሚል አለ፣ ሊሆን ይችላል፣ ከስታንፎርዱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ያነሰ ነው። ግን ሁልጊዜ "መጠኑ አንሶ ነው፣ ጊዜው አጥሮ ነው" እያልን ከሄድን የማይሠራ ነገር መቼም አይገኝም። የኔ ፍርድ ይሄ ነው፦ ቁጣ ላይ ምናልባት ትንሽ ነገር አለው፤ ተደጋጋሚ ድርጊት ላይ ግን ገንዘብ አውጡበት የሚያስብል ማስረጃ የለም።

ጎረቤቴ ለልጇ ሰጥታው በሁለት ሳምንት ተሻለው። ዋሽታ ነው?

አልዋሸችም። ያየችውን ነው የነገረችሽ። ጉዳዩ ያየችው ከምን እንደመጣ ነው።

ከራሴ ልጀምር። እህቴ ብልቃጡን ከአሜሪካ በሰው እጅ ስትልክልኝ፣ ከመጀመሬ በፊት ልቁጠር አልኩ። የልጁን የሂሳብ ደብተር ወስጄ አሰመርኩበት። በየማታው ከእራት በፊት፣ እዚያው ወለል ላይ፣ ለ10 ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ ክዳኑን እንዳሾረ። አንድ ማታ 6። በማግስቱ 23። ከዚያ 9። ለሦስት ሳምንት ምንም ሳልሰጠው ወጣ፣ ወረደ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ በተከታታይ በጣም ጨመረ፤ ለካ የኋላ ጥርሱ ተቦርቡሮ ነው። አፉን የከፈተልኝ በአምስተኛው ቀን ነው። ጥርሱ ተነቀለና ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ዝቅ አለ። እንግዲህ ያንን ብልቃጥ ጥርሱ ሊነቀል በነበረበት ማለዳ ጀምሬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እኔም መርካቶ ቆሜ "ተአምር ነው" እላችሁ ነበር።

እናት መድኃኒት የምትጀምረው መቼ ነው? ልጁ ሲብስበት ነው። የባሰ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ትንሽ ይመለሳል። በዚያ ላይ ተስፋ አለ፤ ተስፋ ያደረገ ሰው አይኑ ደህናዋን ቀን ይለቅማል።

በፈረንጆቹ 2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ሲታሎፕራም የሚባለውን የድብርት መድኃኒት በትክክል ለዚህ ለተደጋጋሚ ድርጊት 149 ልጆች ላይ ሞከሩት። መድኃኒቱን ከወሰዱት 32.9 በመቶ ተሻላቸው። ማስመሰያውን ከወሰዱት? 34.2 በመቶ። ምንም መድኃኒት ካልወሰዱት ልጆች አንድ ሦስተኛው "ተሽሎታል" ተባለ! እዚያም ማንም አልዋሸም።

ከዚያ በፊት ደግሞ ሴክሪቲን የሚባል ከአንጀት የሚመነጭ ሆርሞን ነበረ፣ በፈረንጆቹ 1998 ሦስት ልጆች ተሻላቸው ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ወላጅ ሁሉ ሲሯሯጥለት የነበረ። በ1999 በ60 ልጆች ላይ ሲፈተን ማስመሰያ ሆኖ ከተሰጠው የጨው ውሃ አልተሻለም። የሚገርመኝ እሱ አይደለም። ውጤቱ ከተነገራቸው በኋላ ከወላጆቹ 69 በመቶ የሚሆኑት አሁንም ለልጃችን እንፈልገዋለን ማለታቸው ነው። ሳነብ ሳቅኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቁምሳጥኑ ላይ ያለችውን ብልቃጥ አየኋት።

ማስመሰያ ክኒን መስጠት ልጅን ማታለል አይሆንም?

ወላጁ አስቀድሞ ይነገረዋል፦ "ልጅዎ እውነተኛው ሊደርሰው ይችላል፣ ማስመሰያው ሊደርሰው ይችላል፣ እኛም አናውቅም" ተብሎ። ለማን የቱ እንደሚደርስ የሚወስነው ዕጣ ነው። እቁብ ጥላችሁ ታውቁ የለ? ዳኛው ለወዳጁ ልስጥ ቢል እቁቡ ይፈርሳል። ይሄም እንደዚያው ነው፤ ሐኪሙ ቀለል ያለበትን ልጅ መርጦ ለመድኃኒቱ ካደረገ ውጤቱ ዋጋ የለውም።

ኤንኤሲ ላይ ደግሞ አንድ የተለየ ችግር አለ። ይሸታል። ማስመሰያው ሽታና ጣዕሙ ካልተመሳሰለ እናት በአንድ ቀን ታውቀዋለች፣ ካወቀች ደግሞ የምትሞላው መጠይቅ በሙሉ ይዘነበላል። ስለ አንድ ጥናት ስትሰሙ "ወላጆቹ የቱን እንደሚሰጡ ያውቁ ነበር ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ያውቁ ነበር ከተባላችሁ ቡናችሁን ጠጡና ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ከውጭ የተላከ ብልቃጥ አለኝ። ጥናቱ ላይ ከነበረው ጋር አንድ አይደለም?

ስሙ አንድ ነው። ብልቃጡን ስከፍተው ቤቱን የበሰበሰ እንቁላል ሸተተው፣ ድኝ ስላለው ነው፣ ባለቤቴ ፍሪጅ ከፍቶ እንቁላል ሲፈልግ ነበር። ኤንኤሲ አየር ሲያገኘው ይበላሻል። ስታንፎርዶች የተጠቀሙት እያንዳንዱ ለብቻው የታሸገ፣ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚፈላ ክኒን ነበር፣ ለዚሁ ተብሎ። 100 ፍሬ አንድ ላይ ያለበት፣ በየቀኑ የሚከፈት፣ ሻንጣ ውስጥ ስንት ቀን ሙቀት የበላ ብልቃጥ ያንን አይሆንም።

ሌላው፣ አሜሪካ ውስጥ ሰፕሊመንት ገበያ ላይ ከመውጣቱ በፊት እንደ መድኃኒት ይሠራል ወይ ተብሎ አይፈተንም። ብልቃጡ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ልክ አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥላችሁ ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ራሱ ነው። እዚህ አገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አለ፣ ግን በሰው ቦርሳ የገባውን ብልቃጥ ማን አየው?

ጉዳት አለው? ቫይታሚን አይደል እንዴ?

"ቫይታሚን ነው፣ ባይጠቅም አይጎዳም" የሚለውን አባባል አልወደውም። በጥናቶቹ ላይ በብዛት የታየው የሆድ ነገር ነው፦ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ፣ ድርቀት። ለአብዛኛው ልጅ ቀላል ነበር። ግን አስም ላለበት ልጅ የትንፋሽ ቧንቧውን ሊያጠብበት ይችላል፤ አስም ካለ ያለ ሐኪም አይነካም። ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም መጀመሪያ ለሐኪሙ ይነገር። መጠኑን ከላይ የጻፍኩት ጥናቱን እንድትረዱ ነው፣ ወጥ ቤት ገብታችሁ እንድትመትሩበት አይደለም። እነዚያ ልጆች በሐኪም ክትትል ሥር ነበሩ።

ደግሞ መናገር የማይችል ልጅ ሆዴን አቅለሸለሸኝ አይልም። ይነክሳል፣ ይጮሃል፣ ክዳን ያሽከረክራል። ያኔ እናት "አልሠራም፣ ልጨምርለት" ትላለች። የምፈራው ይሄንን ነው።

ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢመጣ ልጄን ላስመዝግብ? መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው?

እኔ ብሆን እጠይቅና፣ መልሱ ደህና ከሆነ አስመዘግባለሁ። ሁልጊዜ በፈረንጅ ልጅ ላይ የተፈተነ ነገር ነው የሚደርሰን። የኛ ልጅ የሚበላው ሌላ፣ የሚያድግበት ሌላ።

የምትጠይቁት ይሄ ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶታል ወይ? ደብዳቤውን ልየው። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንስ ያውቀዋል? ልጄ ቢታመም ማን ያሳክመዋል? ዛሬ ፈርሜ ነገ ቢያስጠላኝ ያለ ቅያሜ መውጣት እችላለሁ? ሙከራው ሲያልቅ ክኒኑ ልጄን ከጠቀመው ከየት አገኛለሁ? "ክፈሉና ተሳተፉ" ካሏችሁ ደግሞ ጥናት አይደለም፣ ገበያ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ላይ ስለምንኖር መጠየቅ አይከብድም፤ ነጭ ጋዋን አይታችሁ አትፍሩ።

ስምምነቱ በምትሰሙት ቋንቋ ይነበብላችሁ፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ። መጠይቁም እንደዚያው። እኔ አንዴ የሞላሁት መጠይቅ "ልጁ መጫወቻዎቹን በመስመር ይደረድራል?" ይላል። ከጎኔ የነበሩት እናት "ኧረ መጫወቻም የለው" ብለው አይደረድርም አስጻፉ። ስንወጣ ቆርኪ ይሰበስባል እንዴ ብላቸው፣ "ውይ ልጄ! ከአልጋው ሥር እስከ በር ድረስ ይደረድረዋል፣ ረግጠን እንዳናልፍ" አሉኝ። ወረቀቱ ላይ ግን ዜሮ ነው። ተመራማሪ ካነበበኝ፣ እባክህ ቆርኪ ብለህ ጠይቅ።

ጸበል እየወሰድነው ነው፤ ጎረቤታችን ደግሞ ቁርዓን ታስቀራለታለች። አብሮ ይሄዳል?

ጸሎትና ዱዓ ከመድኃኒት ጋር አይጣሉም። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች የሚጥል በሽታ ያለባቸው ብዙ ናቸው፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ጸበል ገባ ተብሎ፣ ሰፕሊመንት ጀመረ ተብሎ መድኃኒቱ በድንገት አይቋረጥ። በድንገት ሲቋረጥ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ልጅ ይወስዳል።

ስንዴና ወተት ብከለክለውስ?

ይጠቅማል የሚያስብል ጠንካራ ማስረጃ የለም። ጤፍ ግሉተን የለውም፣ እሱን እንኳን ድሮም እንበላዋለን። አምስት ዓይነት ምግብ ብቻ ከሚበላ ልጅ ላይ ሁለቱን ቀንሳችሁ ሦስት ብታስቀሩለት ግን ሌላ በሽታ ታመጣላችሁ።

ታዲያ ምን ላድርግ?

ጥርሱን እዩ። ጆሮውን፣ ሆዱን፣ እንቅልፉን እዩ። ድርቀት ብቻውን ልጅን ያሳብዳል። ከዚያ ደብተር ያዙ፤ ድርጊቱ ከመምጣቱ በፊት ምን ነበረ፣ ሰው በዝቶ ነበር፣ ዝናብ ነበር፣ ርቦት ነበር? የኔ ልጅ ዝናብ ሲጀምር ወፍራም ሻሽ ጆሮው ላይ ማሰር ጀመርን፣ መወዛወዙ በጣም ቀነሰ። 30 ብር የሻሽ።

በነገራችን ላይ ለተደጋጋሚ ድርጊት ተብሎ የጸደቀ መድኃኒት የለም። አሜሪካ ውስጥ ሪስፐሪዶን በፈረንጆቹ 2006፣ አሪፒፕራዞል በ2009 የተፈቀዱት ለቁጣና ራስን ለመጉዳት ነው፣ እነሱም ክብደት ይጨምራሉ፣ የሐኪም ሥራ ናቸው። ጅማ ላይ ያለን በዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍሉን መጠየቅ እንችላለን። አዲስ አበባ ለመሄድ አቅም ላለው፣ ነፍሷን ይማርና ዘሚ የኑስ በፈረንጆቹ 2002 የመሠረተችው ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ፣ ነህምያ የሚባል የኦቲዝም ማዕከልም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው የክህሎት ሥልጠናም አገራችን ውስጥ ተሞክሯል፤ ክኒን የለበትም፣ ከልጅ ጋር እንዴት እንደሚጫወቱና እንደሚግባቡ ነው የሚያስተምረው። ወደ እናንተ አካባቢ ከመጣ አያምልጣችሁ።

አንቺስ ብልቃጡን ሰጠሽው ወይስ አልሰጠሽውም?

አልሰጠሁትም። ለሐኪሙ አሳየሁት፣ ልጁ በሕፃንነቱ ትንፋሽ ያጥረው እንደነበር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። እህቴ አኩርፋ ነበር፣ አሁን ታርቀናል። ክኒኑ ጊዜው አልፎበት ባለፈው ወር ተጣለ። ክዳኑ ግን አለ፤ ሰፊ ነጭ ፕላስቲክ ነው፣ ጠርዙ የተሸነሸነ፣ ሲሚንቶ ላይ ከድስቱም ከማንቆርቆሪያውም የበለጠ ረጅም ጊዜ ይሾራል። አሁን ይሄን ስጽፍ ወለሉ ላይ እያሾረው ነው።